የግራው ወንበር

ይህን የምጽፍላችሁ ፈጥሬ ላስደነግጣችሁ አይደለም። የሆነ ነገር ነው። በገዛ ቤቴ፣ በዓይኔ ፊት የሆነ።

ሌሊትም አልነበረም። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ነው። ፀሐይዋ ወለል ብላ፣ ጎረቤት ልብስ እያሰጣ፣ ልጆች መንገዱ ላይ ኳስ እያባረሩ...

ሌሊት ቢሆንማ ሕልም ነው ብዬ ራሴን አታልል ነበር።

አስቀድሜ ግን ስለ እኔ ትንሽ ልንገራችሁ። እኔ ፈሪ እናት ነኝ። ልጄ ሁለቴ ካሳለች ሳንባዋ ነው እላለሁ። ባለቤቴ መካኒክ ነው። ስልክ ካላነሳልኝ ክሪኩ ተንሸራቶ መኪና ወደቀበት ብዬ ጫማዬን አጥልቄ ነው የምወጣው።

«አንቺ እኮ በሳምንት ስንቴ እንደምትገድይኝ!» እያለ ይስቅብኛል።

ያላሰብኩት ክፉ ነገር የለም። ይሄን ግን... ይሄን አላሰብኩትም።

መኪናዋ የመጣችው በጭነት መኪና ላይ ተጭና ነው። የእንግሊዝ ስሪት፣ የድሮ የስፖርት መኪና። ዝቅ ያለች፣ አፍንጫዋ ረጅም፣ ጣሪያዋ ሸራ። ባለቤቷ ከሞተ በኋላ መጋዘን ውስጥ ለዓመታት ቆማ ዝገት በልቷታል። የሟች ወንድም «ብቻ ከዚህ አንሱልኝ» ብሎ በርካሽ ለቀቃት።

ወንበሯ ሁለት ብቻ ነው።

«ልጃችንስ የት ልትቀመጥ ነው?» አልኩት።

«ለእኛ መች ሆነ? አድሼ እሸጣታለሁ። ከዚያ በኋላ እንደ ሰው የራሴን ጋራዥ እከፍታለሁ።»

ደስ አለኝ። የግቢውን በር በርግጄ ያስገባኋት እኔው ነኝ።

ከቤታችን ጀርባ የቆርቆሮ በር ያለው ክፍል አለ። ባለቤቴ ከሥራ ሲመለስ እዚያ ይገባል። የተጨረማመተውን አካሏን ቀጠቀጠ፣ ስቱኮ ለቀለቀ፣ በብርጭቆ ወረቀት አሸ። ሞተሯን አውርዶ ዘረገፈው፤ አጥቦ፣ የጎደለውን ሞልቶ፣ መልሶ ገጠመው። እጁ ወርቅ ነው፣ አልክድም።

ጓደኛው ቀለም ቀቢው በመጣ ቁጥር ያሾፍብኛል።

«የሚጡ እናት! ጣውንት ገባችብሽ እኮ!»

«ትግባ! ሳህን ካጠበችልኝ ምን ቸገረኝ?»

እንስቃለን።

ቀስ በቀስ ግን ሳቁ እየቀነሰ መጣ።

ባለቤቴ መኪናዋን «እሷ» ነው የሚላት። መካኒኮች ሁሉ እንዲህ ናቸው፣ አልገረመኝም። «እሷ ዛሬ አኩርፋለች።» «እሷ ብርድ አትወድም።» ሞተሯን ሊያስነሳ ሲሞክር ደግሞ ድምፁን ያለሰልሳል። በቆርቆሮው ውስጥ አልፎ ኩሽና ድረስ ይሰማኛል።

«ተነሺ... ተነሺ የኔ ቆንጆ...»

እኔን «የኔ ቆንጆ» ካለኝ ስንት ዘመኑ!

በብረት ቀናሁ። አትሳቁብኝ... በብረት ቀናሁ።

ቀለም የሚመረጥ ዕለት ቀለም ቀቢው «ቀይ ነው የሚያምርባት» አለ። ባለቤቴ ራሱን ነቀነቀ።

«እሷ የምትፈልገው አረንጓዴ ነው።»

ቀለም ቀቢው ከት ብሎ ሳቀ።

ባለቤቴ አልሳቀም።

መቼም ሰው የሚታጠበው ከጋራዥ ሲወጣ ነው አይደል? የእኔው ሰውዬ ሊገባ ሲል መታጠብ ጀመረ። ፂሙን ተላጭቶ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ ሽቶ ነስንሶ... ግራሶ ሊነካ!

መኪናዋ አረንጓዴ ተቀብታ፣ ሞተሯም ተነስቶ አለቀች። እንግዲህ ያ ቀን መጣ፤ እሑድ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ያልኳችሁ።

ዳቦ ልገዛ ወጣሁ። ባለሱቋ ገና ከሩቅ ስታየኝ አጨበጨበች።

«አንቺ ጉደኛ! መንዳት ተምረሽ ዝም?»

«ማን? እኔ?»

«ትደብቂኛለሽ? አሁን በዚህ አላለፋችሁም? በዚያች በአረንጓዴዋ! አባወራሽን ጎንሽ አስቀምጠሽ ሽር ስትይ!»

እኔ እንኳን መኪና፣ ብስክሌትም ነድቼ አላውቅ።

«ሌላ ሰው ይሆናላ...» አልኳት።

«ምን ሌላ ሰው! በቀኝ እሱ ተቀምጧል፣ በግራ ሴት። በግራ የሚቀመጠው ሹፌሩ አይደል እንዴ?»



እኛ ዘንድ አዎ፣ መሪ በግራ ነው። የዚያች የእንግሊዝ መኪና መሪ ግን በቀኝ ነው። ባለሱቋ ይሄን አታውቅም። በግራ ሴት ስላየች ሹፌር አደረገቻት። የመካኒኩ ጎን ሴት ካለች ደግሞ ሚስቱ ናት ብላ እኔን አደረገችኝ።

የሚነዳው እሱ ነበር።

ሴትየዋ የተቀመጠችው ከጎኑ ነው። እኔ አንድ ቀን እንኳ «ነይ ላዙርሽ» ተብዬ ባልተቀመጥኩበት ወንበር።

«ምን... ምን ዓይነት ሴት ናት?» አልኳት፣ ፈገግ ለማለት እየታገልኩ።

የባለሱቋ ፊት ተለወጠ። ነገሩ ያኔ ገባት። ለአፍታ ዳቦውን አገላበጠች።

«ፊቷን አላየሁትም፣ የኔ እናት... ወደ እሱ ዞራ ነበር። ከዚያ ማዶ ብቅ ሲሉ ጀምሮ እዚህ ታጥፈው እስኪጠፉ... ዓይኗን ከእሱ ላይ አልነቀለችም።»

ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«መንገዱ ያን ሁሉ ጉድጓድ እያለበት... እሷ ንቅንቅ አትልም ነበር።»

ዳቦውን እዚያው ትቼ ተመለስኩ።

መኪናዋ ጋራዥ ገብታለች። ሞተሯ ገና አልበረደም፤ ጠቅ... ጠቅ... ይላል። ባለቤቴ መሪውን እንደያዘ ቁጭ ብሏል።

«ማናት?» አልኩት።

«ማ?»

«ይዘህ ያዞርካት!»

«ብቻዬን ነበርኩ።»

«ባለሱቋ አይታለች! እዚህ፣ በግራ በኩል...»

«ቀስ በይ» አለኝ በሹክሹክታ። እኔን አላየኝም። ያየው የግራውን ወንበር ነው። «ቀስ ብለሽ ተናገሪ... ትሰማለች።»

«ማናት የምትሰማው?»

«እሷ።»

እንደ ወትሮው መኪናዋን ነው ብዬ ለማመን ፈለግሁ። በጣም ፈለግሁ።

በማግስቱ መርማሪ ሆንኩ። እሱ ሥራ እንደሄደ ጋራዡን ከፍቼ ገባሁ። ፀጉር ፈለግሁ። የከንፈር ቀለም፣ የጆሮ ጉትቻ፣ የወደቀ ቁልፍ... ወለሉን በእጄ ዳበስኩት። አፍንጫዬን ወንበሩ ላይ ደፍቼ አሸተትኩ።

ምንም። አዲስ ቆዳ ብቻ ነው የሚሸተው።

ከዚያ በግራው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ጉልበቴ ከፊት ለፊት ካለው ዳሽቦርድ ጋር ተጋጨ። ወንበሩ ወደ ፊት ተስቧል። አጭር ሰው ለራሱ እንደሚያስተካክለው።

ወደ ኋላ ገፋሁት፤ እስከ መጨረሻው። ጋራዡን ቆለፍኩ። ቁልፉን ጡት መያዣዬ ውስጥ ከተትኩ። ልጄን ከትምህርት ቤት ላመጣ ሄድኩ።

ስመለስ ጋራዡ እንደተቆለፈ ነው። ባለቤቴ ገና አልገባም።

ከፈትኩ።

ወንበሩ ወደ ፊት ተስቧል።

የግራው መስታወት ደግሞ ከውስጥ ደብዝዟል። ሁሉም አይደለም፤ አንዲት ትንሽ ክብ ብቻ። ሰው አፉን አስጠግቶ ወደ ውጭ ሲያይ ትንፋሹ እንደሚያደርገው...

በዚያ በኩል፣ በጋራዡ መስኮት፣ የሚታየው የእኔ ኩሽና ነው።

ሌላ ሴት ብትሆን ልጇን አንጠልጥላ ትሮጥ ነበር። እኔም፣ ጥላ አይቼ የምደነግጠው፣ መሮጥ ነበረብኝ። ግን ቅናት ፍርሃትን አፍኖ እንደሚይዝ ያን ቀን አወቅሁ። በአፌ የመጣው «ምንድን ነሽ?» አይደለም።

«ከባሌ ላይ ውረጂ!» ነው።



ስልኬን አውጥቼ መኪናዋን ከአራቱም ጎን ፎቶ አነሳኋትና መሸጫ ገጽ ላይ ለጠፍኳት። ኩሽና ሳልደርስ ስልኩ ጮኸ። ትሁት ድምፅ ያለው ሰውዬ ነው። የጥርስ ሐኪም ነኝ አለኝ።

«የድሮ መኪና ነፍሴ ነው። ነገ መጥቼ ማየት እችላለሁ?»

«ይችላሉ።»

«ሻጯ ፎቶው ላይ ያሉት እመቤት ናቸው?»

«የትኛው ፎቶ ላይ?»

«ሁሉም ላይ አሉ እኮ... ውስጥ ተቀምጠው።»

ፎቶዎቹን ከፈትኩ። ባዶ መኪና ነው። አጉልቼ አየሁ። ባዶ።

ሁለተኛዋ ደዋይ ቆጣ ያለች ሴት ነበረች።

«እህቴ፣ ያቺን ሴትዮ አስወርጂያትና እንደገና አንሺው! ወንበሩን በምን ልየው? ደግሞ ለምንድን ነው እንዲህ የምታፈጥብሽ?»

ዘጋሁት።

ሰው ሁሉ ያያታል። መንገደኛ ያያታል፣ ባሌ ያያታል። የማላያት እኔ ብቻ ነኝ።

ባለቤቴን በር ላይ ጠበቅሁት።

«ገዢ አግኝቻለሁ። ነገ ይመጣል።»

«አልሸጣትም።»

«የራሴን ጋራዥ እከፍታለሁ ያልከውስ?»

«እሷ መሄድ አትፈልግም።»

«እንግዲያው ምረጥ!» አልኩት። «ነገ መኪናዋ ከዚህ ግቢ ካልወጣች ልጄን ይዤ የምወጣው እኔ ነኝ!»

ጆሮውን ወደ ጋራዡ ዘንበል አድርጎ ቆመ። ሰው የሚነግረውን እንደሚያዳምጥ...

ከዚያ ፊቱ በራ።

«እሺ» አለ። «መኪናዋ ትሂድ።»

«መኪናዋ» አለ። «እሷ» አላለም። ከመጣች ጀምሮ «መኪና» ብሎ ሲጠራት ያ የመጀመሪያው ነው። ለቀቀችው ብዬ... ደስ አለኝ። ሞኝ!

ሐኪሙ በማግስቱ ከሰዓት ከሚስቱ ጋር መጣ። ፎቶው ላይ ያያትን ሴት አላነሳትም፤ የግራው ወንበር ለእሱም ባዶ ነበር። ኮፈኑን አስከፍቶ ሞተሯን ሲያይ ልጅ ሆነ።

«እጅህ ይባረክ! ይሄ እድሳት አይደለም፣ ትንሣኤ ነው!»

«ዛሬ ቁርሱን እንኳ አልበላም» አለችኝ ሚስቱ እየሳቀች። «ለእኔ እንዲህ ሮጦልኝ አያውቅም።»

«ተጠንቀቂ» ልላት ነበር። ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ገዢውን ባጣውስ? ዋጥኩት።

ቁልፉን ተቀበሉ። ሐኪሙ መሪው ጋ ገባ። ሚስቱ ወደ ግራው በር ስትሄድ ባለቤቴ ቀደማት።

«አንድ ጊዜ... ይቅርታ።»

በሩን ከፈተ። መዳፉን ወደ ላይ አድርጎ እጁን ዘረጋ። ሰው እጁን ይዞ ሲወርድ እንደሚደረገው ትንሽ ጎንበስ አለ... ጠበቀ... ከዚያ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ተመለሰ።

«አሁን መግባት ይችላሉ» አላት።

«ውይ፣ ጨዋነት!» ብላ ሳቀችና ገባች። ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍታ እግሯን ዘረጋች።

እየሳቁ ሄዱ። መታጠፊያው ጋ ሲደርሱ ክላክስ አደረጉ። ምንም አልሆኑም። እስከ ዛሬም ምንም አልሆኑም፤ ደውዬ ጠይቄያለሁ።

የተሰናበታት መስሎኝ ነበር። በሩን ከፍቶ እጁን መዘርጋቱን... ስንብት ነው ብዬ ነበር።

ጋራዡን ጠርጌ በሳሙና አጠብኩ። ልቤ ቅልል አለኝ። ወሬም ሳይሰማብኝ፣ ጠብም ሳይነሳ ባሌን አስመለስኩ እያልኩ ዘፈን ቢጤ ሁሉ አንጎራጎርኩ።

ገና አልጨለመም። እኔ ኩሽና ሳህን አጥባለሁ። እሱና ልጄ ሳሎን ሶፋው ላይ ናቸው። ልጄ ወረቀቶቿንና ቀለሞቿን ከጎኑ ዘርግታ ትስላለች።

«ነይ» ሲል ሰማሁት።

ያ ለስላሳ ድምፅ ነው። ለዚያች ብረት ሲሰጠው በቅናት ያረርኩበት ድምፅ።

«ነይ እንጂ የኔ ቆንጆ... እዚህ ከጎኔ ቁጭ በይ።»

ዓይኔ እንባ ሞላ። እጄን በቀሚሴ አድርቄ፣ ፀጉሬን ነካ ነካ አድርጌ፣ እንደ ልጃገረድ እያፈርኩ ገባሁ። ልቀመጥ ጎንበስ ስል ክንዴን ያዘኝ። በቀስታ። ሌላ ሰው እንዳይሰማ በሚመስል ሹክሹክታ...

«አንቺን አይደለም።»

ዓይኑ እኔን አልፎ የሳሎኑ በር ላይ ነው።

ዞርኩ። ማንም የለም። መጋረጃው አልተነቃነቀም። ኮቴም የለም።

ልጄ ግን ከሥዕሏ ቀና አለች። ወደ በሩ አየች። ከዚያ ዓይኖቿ ቀስ እያሉ... ከበሩ ወደ ምንጣፉ፣ ከምንጣፉ ወደ ሶፋው... የሚመጣ ሰው እንደሚከተሉ ሁሉ ቀረቡ።

ማንም ሳያዛት ቀለሞቿን ሰበሰበች።

ፈገግ ብላ... ጠጋ አለችላት።