በስላይዱ ላይ ሰባተኛው ሰው

ተረት ነው የሚል ካለ ከሚሴ ሄዶ ረቢአን ይጠይቃት፤ ትልቁን ስካነር ለምን እንደመለሰችው ትነግረዋለች።

የካቲት 2002 ዓ.ም.፣ ዓርብ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች።

ረቢአ መንገድ ዳር ፎቶ ቤት አላት። መስኮት የሌላት፣ አንድ በር ብቻ ያላት ጠባብ ክፍል። የቆዩ ስላይዶችን፣ ብርሃን ላይ ተይዘው የሚታዩ ትንንሽ የፎቶ ፊልሞችን፣ ወደ ኮምፒውተር የሚገለብጥ ስካነር መርጣ ልትገዛ፣ ከደሴ ሁለት ለሙከራ አስመጥታለች። አንዱ ትንሽ፣ ለፊልም ብቻ የተሠራ። ሌላው ትልቅ፣ ክዳኑ ውስጥ መብራት ያለው።

መሞከሪያውን ስላይድ ያመጡላት ጡረተኛው መምህር አብዱልጀሊል ናቸው። የወንድማቸው የሸምሱ ነው። እናታቸው ዓይናቸው ጨርሶ ሳይጠፋ የልጃቸውን ፎቶዎች በትልቁ ማየት ፈልገዋል።

አቧራ እንዳይገባ በሩን ሳብ አድርጋ ዘጋችው።

በትንሹ ስካነር... ቦርከና ወንዝ ዳር የቆሙ ስድስት ሰዎች።

በትልቁ... ሰባት።

ሰባተኛው ጀርባውን ሰጥቷል።

«ቆሻሻ ይሆናል» አለች። ጠርጋ ደገመችው።

አሁን በጎን ዞሯል...

ስላይዱን ወደ አምፖሉ አንስታ ቆጠረች። ስድስት።

«እስቲ እንደገና፣ ልጄ» አሉ ከኋላዋ የቆሙት አብዱልጀሊል። ድምፃቸው ወርዷል።

ምስሉ ከላይ ወደ ታች ቀስ እያለ ወጣ። ፀጉር... ግንባር... ዓይን።

ፊት ለፊት ያያቸዋል። ሸሚዙ ርሶ ከገላው ተጣብቋል።

«ሸምሱ ነው» ብለው አንሾካሾኩ።

«ታዲያ ምን አለው ጋሼ?»

«ፎቶውን ያነሳው እሱ ነው... ካሜራውን ወንዙ ዳር አገኘነው። እሱን ግን እስከ ዛሬ...»

መብራት ጠፋ።

ኮምፒውተሩም ጠፋ። የትልቁ ስካነር መብራት ብቻ ወዲያና ወዲህ ይሄዳል።

ረቢአ ገመዱን ነቀለችው። አልቆመም።

በሩን ገፋች። እምቢ አለ። አብረው ገፉት... ትንሽ ይሰጥና መልሶ ይገፋቸዋል። እንደ ሰው ጀርባ።

ክፍሉ የወንዝ ጭቃ ሸተተ።

«ጩሂ ልጄ።»

«ድምፄ አልወጣ አለኝ ጋሼ...» አለች በሹክሹክታ።

«አብሽሪ። ቢስሚላህ በዪ... ቢስሚላህ...»

ምን ያህል እንደቆዩ አያውቁም። በሩ በድንገት ላላ። ተያይዘው ወደ ውጭ ወደቁ።

ጎረቤቷ ልብስ ሰፊው ሙሀመድኑር በረንዳው ላይ ቆሟል።

«አንድ ሰውዬ በሩን ተደግፎ ነበር» አለ።

«የት ሄደ?»

ሙሀመድኑር ወደ መሬት አየ።

ከሚሴ ዝናብ ካየች ሦስት ወር አልፏል። ሲሚንቶው ላይ ግን ሁለት የባዶ እግር ዱካዎች አሉ... እርጥብ፣ ተረከዛቸው ከበሩ ደፍ የተጣበቀ።

ወደ መንገዱ የሚወስድ ሌላ ዱካ አልነበረም።