ጥላ የማይፈሩ እጮች

ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው። እኔ ግን በዚህ ዓይኔ ያየሁትን ነው የምነግራችሁ... ያውም በጠራራ ፀሐይ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ።

ሥራዬ ውሃ መድፋት ነው። አትሳቁ! የጤና ቢሮ ቀጥሮኝ በየግቢው እየዞርኩ ትንኝ የሚፈለፈልበትን ውሃ እደፋለሁ። ስደፋ ሰው ይሰድበኛል። ሲታመም ደግሞ "የት ነበርሽ?" ይለኛል።

በዚያ ሳምንት ትንኝ በሚያመጣው የደንጊ ትኩሳት ሦስት ልጆች ሆስፒታል ተኙ። ሦስተኛዋ የእህቴ ልጅ ናት። ገና አምስት ዓመቷ ነው።

ከእህቴ ቤት ጀርባ ሰው የማይኖርበት ቤት አለ። አጥሩ ፈርሷል። ጓሮው ውስጥ አንድ በርሜል... እስከ አፉ ውሃ የሞላ፣ የትንኝ እጭ የሚርመሰመስበት።

ደፋሁት።

በማግስቱ ሄድኩ... ሙሉ ነው።

ዝናብ የለም። ቧንቧ ከደረቀ አሥር ቀኑ፤ ሰው የውሃ ቦቴ ሲመጣ በወረፋ ይጋፋል። ታዲያ ይሄን ማን ሞላው?

እንደገና ደፋሁና ጎረቤት ያሉትን እማማ ጠየቅኳቸው።

"እኔ ምን አውቄ ልጄ!" ካሉ በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ተይው... አትንኪው።"

"እማማ፣ ልጆች እየታመሙ እኮ ነው!"

በሩን ዘጉብኝ።

አለቃዬ ጋ ደወልኩ። "ሰው የለበትም? ቅጹ ላይ 'ዝግ' ብለሽ ሙዪና እለፊ" አለኝ።

ደሜ ፈላ! ትንኝ ቅጽ ታነባለች እንዴ?

በሦስተኛው ቀን ደግሞ ሙሉ ሆኖ ጠበቀኝ። ደፋሁትና ጎኑን ከታች በመጥረቢያ አራት ቦታ በሳሁት። "እስቲ አሁን ሙላ!" አልኩት። ከበርሜል ጋር መጣላት ጀምሬ ነበር፣ ኧረ ተዉኝ!

በአራተኛው ቀን ጠዋት እህቴ ከሆስፒታል ደወለች።

"ትኩሳቱ ወረደላት" አለች እያንሾካሾከች። "ደስ ሲለኝ... ሐኪሙ ግን ደነገጠ። 'ደንጊ የሚከፋው ትኩሳቱ ሲወርድ ነው' ብሎ ወደ ሌላ ክፍል ይዘዋት ሮጡ።"

ንዴቴን ይዤ ጓሮው ገባሁ።

በርሜሉ ቆሟል። ሙሉ ነው።

ጎንበስ ብዬ ቀዳዳዎቹን ዳሰስኩ... ክፍት ናቸው። ጣቴን ከተትኩ።

ደረቅ ነው።

ቀና ብዬ ውሃውን አየሁ። እጭ ጥላ ይፈራል። ጥላችሁ ሲያርፍበት ወደ ታች ይሰምጣል።

እነዚህ ግን አልሰመጡም... ከየጥጉ እየመጡ ጥላዬ ውስጥ ተሰበሰቡ። ወደ ግራ ሄድኩ። ተከተሉኝ።

እጄን በውሃው ላይ ዘረጋሁ። ያኔ ግማሾቹ ከጥላዬ ወጥተው ፀሐይ ባረፈበት በኩል ተጠጋግተው የልጅ ጥላ ሠሩ... ትንሽ ጭንቅላት። ትንሽ ትከሻ። ቀጭን ክንድ... የእጄን ጥላ የያዘ።

ዞር አልኩ። አጠገቤ ማንም የለም።

ስልኬ ጮኸ። እህቴ ናት።

ሳላነሳው... ትንሿ ጥላ እጄን ለቀቀችና ቀስ እያለች ወደ ታች ሰመጠች።