ያልተበሳ ፌስታል

የወይዘሮ ፋንታዬ ሬሳ ገና ከአልጋው ሳይነሳ ሰፈሩ ፍርዱን ሰጥቶ ጨርሶ ነበር፤ ስስታቸው ገደላቸው ተባለ። እኚህ ባልቴት ፌስታል አይጥሉም። ያጥቡታል፣ ገመድ ላይ ያሰጡታል፣ አጣጥፈው ከፍራሽ ሥር ያኖሩታል። ሶዶ ውስጥ ሲሳቅባቸው ኖሯል፤ ፌስታል ሲቸግረው በራቸውን የሚያንኳኳው ግን ያው የሚስቀው ጎረቤት ነው። እስቲ ከዚህ የባሰ ዓይን አውጣነት የት አለ!

ነገሩ የሆነው በ1999 ዓ.ም. ጥር ላይ ነው። ሰኞ ጠዋት በሶ በጥብጠው ጠጡ፤ ቀትር ሳይሆን አረፉ። አረንጓዴ መስመር ባለው ፌስታል ውስጥ የነበረው በሶ የነቀዝ መድኃኒት ተገኘበት። ጉንፋን አፍኗቸው ስለነበር ሽታው አልደረሳቸውም። ፖሊስም ፌስታሎቹን የምታጥበውን፣ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ያሳደጓትን ብሩክታይትን አሰራት። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት፤ ከእሳቸው ሌላ ዘመድ የላትም። አሁን ደግሞ ነፍሰ ገዳይ ተባለች።

ኢንስፔክተር ዓመለወርቅ መዝገቡን ስታነብ ደሟ ፈላ። የልጅቷ ቃል ግማሽ ገጽ እንኳ አይሞላም። ሄዳ ራሷ ጠየቀቻት።

«በሶው በምን ነበር የተቀመጠው?»

«በካኪ ወረቀት ከረጢት። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ እዚያው ነበር።»

«ምናልባት እሳቸው ወደ ፌስታሉ ገልብጠውት ይሆናላ?»

«እኛ ቤት መድኃኒት የያዘ ፌስታል ሳይበሳ አያድርም። ምግብ እንዳይገባበት እማማ ወዲያው ታቹን በወስፌ ይበሱትና የቡና ችግኝ ይተክሉበታል። ይህን ተናግሬ ነበር፤ ዝም በይ አሉኝ።»

እሁድ ቤቱን የረገጡት ሁለት ሰዎች ናቸው። ተከራዩ መምህር ኤልሳዕ፣ ፌስታሉ የልብስ ማስጫ አሳጣኝ እያለ ከሟች ጋር ሲነታረክ የኖረ ነው፤ ሆኖም ብሩክታይት ሳትወጣ ጠይቋቸው ተመልሷል። ሁለተኛው የሟች ባል የወንድም ልጅ ደገፉ ነው። እሱ የመጣው ልጅቷ ከወጣች በኋላ፣ ሴትዮዋ እንቅልፍ ላይ ሳሉ ነው።

ዓመለወርቅ ፌስታሉን ስታሳየው ደገፉ አላመነታም። «ከሁለት ሳምንት በፊት ለበቆሎው መድኃኒት ከአረካ ያመጣሁበት ነው። ያመጣሁትም አንዴ ብቻ ነው። አጥበው በሶ አደረጉበት፤ ስስት ምን ይደረጋል?»

«ይኸው ራሱ ነው?»

«ራሱ ነው።»

አስፈረመችው። ከዚያ ጓሮ ገብታ ችግኞቹን አንድ በአንድ አየች፤ በማግስቱም አረካ ሄዳ መድኃኒት ሻጩን ቦልቴን አነጋገረች።

ዓርብ ሁሉንም በሟች ግቢ ሰበሰበቻቸው። ብሩክታይት እጇ በካቴና ታስሮ መጣች። ዓመለወርቅ አንድ ችግኝ ከጓሮ አምጥታ መሃል ላይ አስቀመጠች። የተተከለበት ፌስታል አረንጓዴ መስመር አለው፤ ታቹ በወስፌ ተበስቷል።

«ደገፉ ከሁለት ሳምንት በፊት ያመጣው ይኼ ነው» አለች። «በሶው የተገኘበት ግን አንድ ቀዳዳ የለውም። እዚህ ቤት መድኃኒቱ አልቆ የተረፈ ፌስታል ቢሆን ኖሮ ይበሳ ነበር። ብሩክታይት ይህን ልማድ ታውቃለች። ፌስታሉን ያመጣው ሰው ግን ሴትዮዋን የሚያውቃቸው በሐሜት ነው፤ መልሰው እንደሚጠቀሙበት ሰምቷል፣ እንዴት እንደሚጠቀሙበት አልጠየቀም።» ወደ ደገፉ ዞረች። «አንዴ ብቻ አመጣሁ ብለህ ፈርመሃል። ቦልቴ ግን ቅዳሜም በእንዲህ ያለ ፌስታል ሸጬለታለሁ ብሏል። እሁድ በሶውን ከወረቀቱ ወደዚህ የገለበጥከው አንተ ነህ። ሰው ሁሉ በስስታቸው እንደሚያሳብብ አውቀህ ነው። ይህን ቤት ለብሩክታይት ለማዛወር ማዘጋጃ ቤት ማመልከታቸውንም አውቀሃል።»

የደገፉ ፊት ተለዋወጠ። «የአጎቴ ቤት ነው» አለ ጥርሱን ነክሶ። «ለባዳ ስትሰጠው ቁጭ ብዬ ልይ?»

ካቴናው ከልጅቷ እጅ ወልቆ እሱ እጅ ገባ። ያኔ ጎረቤቶቹ አንድ በአንድ ተጠጉ። ልጄ ይቅር በይን እያሉ ሊስሟት ሲሉ ብሩክታይት ወደ ኋላ አለች።

«አራት ሌሊት ታስሬ አድሬያለሁ። ከመሃላችሁ አንድ ሰው እንኳ መጥቶ አድርገሽዋል ወይ ብሎ ጠይቆኛል?»

የግቢውን በር ወለል አድርጋ ከፈተችው።

«እንግዲያው ከእማማ ግቢ ውጡልኝ» አለች።

ወጡ።