ግራጫው ቫልቭ

ቴክኒሻኑ በሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል እርጥብ ወለል ላይ በጀርባው ተዘርሯል። ፊቱንና ደረቱን እንፋሎት ገሽልጦታል። ከራስጌው የትልቁ ማሽን ክዳን ተከፍቶ ቀርቷል። ከክዳኑ ጎን የማሽኑ ስክሪን አለ፤ ከስክሪኑ አጠገብ ደግሞ መመሪያው የሚነበብበት ታብሌት ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። መርማሪው ሬሳውን አየ፣ ታብሌቱን አየ፣ ተመልሶ ስክሪኑን አየ። ባልደረቦቹ «ችኮ» የሚሉት በከንቱ አይደለም፤ አንድ ነገር ካልገባው በግሬደርም አይነቃነቅም።

«ምኑ ይመረመራል?» አለ የሶፍትዌር ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ ከበሩ ላይ ሆኖ። አደጋው እንደተሰማ ብቻውን ሮጦ ገብቶ እንፋሎቱን የዘጋው እሱ ነበር፤ እሱ ሲወጣ ፖሊስ ክፍሉን ቆልፎታል። «መመሪያው ቁልጭ አድርጎ ጽፎታል። ስክሪኑ ላይ የእንፋሎቱ ቫልቭ ግራጫ ከሆነ እንፋሎት እየሄደ ነውና ክዳኑን አትክፈት ይላል። ሰውዬው ሳያነብ ከፈተ። ነፍስ ይማር።»

«ለለቅሶው ይደርሳሉ» አለው ችኮ፤ ስክሪኑን የሠራውን የድርጅቱን ወጣት ዲዛይነር ወደ ኮሪደሩ ይዞት ወጣ። «ይኼ ግራጫ ነገር ምንድነው? ለእኔ በሚገባኝ ቋንቋ ንገረኝ።»

«በድሮው ስክሪን የሚሠራው አረንጓዴ፣ የተዘጋው ግራጫ ነበር። አዲሱ የዲዛይን ደንብ ደግሞ ቀለም ለአደጋ ብቻ ይቀመጥ ይላል። ሁሉም ሰላም ከሆነ ስክሪኑ ግራጫ ነው፤ ቀይ ሲመጣ ዓይን ቶሎ እንዲያየው። ዛሬ ጠዋት ነው ያበራነው።»

«ስለዚህ ትናንት ‹ተዘግቷል› ይል የነበረው ግራጫ፣ ዛሬ ‹እየሠራ ነው› አለ?»

ዲዛይነሩ ወደ ኮሪደሩ ጫፍ ጠቆመ። «መመሪያው አብሮ ከተቀየረ ችግር የለውም። እሱን መመሪያ ጸሐፊዋን ይጠይቋት።»

መመሪያ ጸሐፊዋ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ቆማለች። ሟቹ ታላቅ ወንድሟ ነው። ዓይኗ ደም መስሏል፤ አገጯ ግን ቀና ብሏል።

«ሥራ አስኪያጁ የወንድሜ ጥፋት ነው ብለሽ መስክሪ አሉኝ፣ ጋሼ። ካልሆነ ገጹን ያዘገየሽው አንቺ ነሽ፣ እስር ቤት ትገቢያለሽ አሉኝ። አልመሰክርም! ወንድም ጋሼ ሳያነብ አንዲት ብሎን አይፈታም። ‹ይኼን የጻፈችው እህቴ ናት› እያለ ለመጣው ሁሉ ሲያሳይ የኖረ ሰው ነው።»

«አዲሱን ገጽ ጽፈሽው ነበር?»

«ጽፌ ለሥራ አስኪያጁ ሰጥቻለሁ። ግን ማሽኑ ላይ ሳልሞክረው አይውጣ፣ ስክሪኑም እስከዚያ ይቆይ አልኩ። እሺ ብለውኝ ነበር።»

ችኮ ታብሌቱን ከግድግዳው አስወርዶ አሳያት። አንብባ ግንባሯን ቋጠረች።

«ቃሉ የኔ ነው። ከጽሑፉ ጋር ያለው ፎቶ ግን አይደለም። እኔ ቢሯችን ካለው የሙከራ ማሽን ላይ ነው የማነሳው። ይኼ የዚህ የራሱ ማሽን ስክሪን ነው፤ ስሙ ከላይ አለ።»

ችኮ ከዚያ በላይ አልጠየቃትም። ሬሳው ከተነሳ በኋላ ሦስቱንም ማሽኑ ፊት ሰበሰባቸው።

«እዚህ ፎቶ ላይ ቫልቩ ግራጫ ነው፤ እንፋሎት እየሄደ ነው ማለት ነው» ብሎ ጀመረ። «ከሥሩ ግን ቀይ አለ፤ ‹ክዳን ክፍት› ይላል። አንተ ልጅ፣ አዲሱ ስክሪን ከበራ ወዲህ ክዳኑ በእንፋሎት ላይ ስንቴ ተከፈተ?»

«አንዴ ብቻ» አለ ዲዛይነሩ፤ ወዲያው ገባውና እጁን አፉ ላይ ጫነ።

«አዎ፣ ሰውዬው ሲሞት። ስለዚህ ፎቶው የተነሳው ከሞቱ በኋላ ነው። ፎቶውን የያዘው ገጽም ታብሌቱ ላይ የተጫነው ከሞቱ በኋላ ነው። ሟቹ አላነበበም ማለት ውሸት ነው፤ አንብቧል፣ ያነበበው ግን የድሮውን ነው። እንፋሎቱ ሳይዘጋ እዚህ የገባው አንድ ሰው ነው፤ ጸሐፊዋ የጻፈችውም ገጽ እጁ ላይ ነበር።» ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞረ። «መጀመሪያ ፎቶውን አነሱ፣ ከዚያ እንፋሎቱን ዘጉ። ሰውዬው እግርዎ ሥር ወድቆ!»

«አዲሱን ስክሪን የሚያዩ እንግዶች ወደዚህ እየመጡ ነው፣ አብራ አሉኝ» አለ ዲዛይነሩ እያለቀሰ። «ገጹ ወጥቷል አሉኝ፤ አመንኳቸው።»

«ለአንድ ገጽ ብዬ ሥራ ላቁም?» አለ ሥራ አስኪያጁ።

ጸሐፊዋ ችኮን ክንዱን ያዘችው። «ጋሼ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። የገደለው የኔ ጽሑፍ ነው?»

«ስትጽፊው እውነት ነበር፤ ወንድምሽም ያመነው እውነት ስለነበረ ነው። ውሸት ያደረገው ይኼ ሰውዬ ነው።»

ድንገት ወደ ዲዛይነሩ ዞረች። «ይኼ ስክሪን ሌላ ቦታም በርቷል?»

«ሁሉም ደንበኞች ጋ» አለ ዲዛይነሩ፤ ፊቱ አመድ መሰለ። «ገጹ ግን የተቀየረው እዚህ ብቻ ነው።»

ስልኳን አወጣች። ፖሊሶቹ የያዙት ሥራ አስኪያጅ ከበሩ ተመልሶ ጮኸ፦ «ያለ እኔ ፈቃድ ደንበኛ ጋ ብትደውዪ ከሥራሽ ተባረሻል! ድርጅቱን ልታፈርሺው ነው?»

ለዘመናት አንቱ ስትለው ኖራለች። «አባርረኝ» አለችው። «ይፍረስ!»

ስልኩ ተነሳ። ከወዲያ በኩል የማሽኑ ጩኸትና የአንድ ጎልማሳ ድምፅ ተሰማ።

«ክዳኑን እንዳትነካው» አለች። «ግራጫ ቢሆንም እንዳትነካው። መጀመሪያ ዋናውን እንፋሎት ዝጋ።»

«መመሪያው እኮ ግራጫ ከሆነ ክፈት ነው የሚለው፣ እህቴ። ማን ልበል?»

«መመሪያውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ዝጋው፣ እስክትዘጋው ስልኩን አልዘጋም።»