ጤና ጣቢያው ጋ ወራጅ አለ

የሚኒባስ ታክሲ ሹፌሩን ሰዉ ሁሉ «ፍሬቻ» ይለዋል፤ ፍሬቻ አብርቶ ሲታጠፍ ያየው ሰው ስለሌለ። ሰፈሩን እንደ መዳፉ ያውቃል። የትኛው ጎሚስታ እንደሚታመን፣ የትኛው ጉድጓድ ዝናብ ሲጥል ጎማ እንደሚውጥ እሱን ጠይቁት። ቀኑን ሙሉ «ጤና ጣቢያ የሚወርድ» እያለ ሰው ሲያወርድ ይውላል። እንግዳ መንገድ ሲጠይቀው «ጤና ጣቢያውን ታልፍና» ብሎ ነው የሚጀምረው። እሱም ሲያልፈው ነው የኖረው፤ ግቢውን ረግጦ አያውቅም።

አንባቢ ሆይ፣ ከመሳቅህ በፊት የሰፈርህ ጤና ጣቢያ ስንት ሰዓት እንደሚከፈት ንገረኝ። ስልክህን ሳታወጣ።

ይኸው።

የፍሬቻ ሴት ልጅ ገና ዓመት አልሞላትም። ሳል ሲጀምራት ካምና የተረፈ ሽሮፕ ከቁም ሳጥን ላይ ወርዶ ተሰጣት። በማግስቱ ትኩሳት ተጨመረ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ ስትተነፍስ ደረቷ ከጎድኖቿ ሥር ወደ ውስጥ ይሰረጉድ ጀመር። በየትንፋሹ መጨረሻ ደግሞ እንደ ማቃሰት ያለች ትንሽ ድምፅ ትወጣለች። እናቷ ያቺን ድምፅ ስትሰማ ልጇን በነጠላ ጠቀለለች።

«ጤና ጣቢያ እንውሰዳት» አለች።

«እዚያማ ምን አላቸው? በፓራሲታሞል ሸኝተው ሊመልሷት? መኪና እያለኝ! ትልቁ ሆስፒታል ነው የምወስዳት።»

«ቅርብ ነው እኮ፣ አንተ ሰውዬ። ያስከተብኳትም እዚያው ነው፤ ሰዎቹን አውቃቸዋለሁ።»

«ቅርብ ስለሆነ እኮ ነው የማላምነው።»

ሚኒባሱን አስነሣና ጤና ጣቢያውን እንደ ልማዱ አለፈው።

ዋናው መንገድ ላይ የጠዋቱ መጨናነቅ ጠበቃቸው። ፍሬቻ ክላክሱን ተጫነ፤ ፊቱ የቆመው የጭነት መኪና ግን እንደ ግድግዳ ነው። ከኋላ ልጅቷ ታለቅሳለች፤ በለቅሶዋ መሀል ያቺ ድምፅ ትሰማለች። ከዚያ ለቅሶው ቆመ።

«ጎሽ፣ ተኛችልን» አለ በመስታወቱ እያየ።

«አልተኛችም።» የሚስቱ ድምፅ ቀጥኗል። «ማልቀስ አቅቷት ነው። ከንፈሯን እየው።»

ዞሮ አየው። ጠቁሯል። ከተማውን አብጠርጥሮ የሚያውቅ ሰው መሄጃው ጠፋው።

«ጤና ጣቢያው ጋ ወራጅ አለ» አለች ሚስቱ፤ ቀስ ብላ፣ እንደ ማንኛውም ተሳፋሪ።

ፍሬቻ ለመጀመሪያ ጊዜ ፍሬቻ አበራ። ሹፌሮቹ እየተሳደቡም ቢሆን መንገድ ለቀቁለትና ወደ መጣበት ዞረ። ፌርማታው ጋ ሲደርስ ግን ሌላ ጉድ ጠበቀው፤ አጥሩ ረጅም ነው፣ በሩ ወዴት እንደሆነ አያውቅም። «መግቢያው በየት ነው?» እያለ ሲዞር ሚስቱ ልጇን ታቅፋ በጀርባ በኩል እየሮጠች ነበር።

ነርሷ የልጅቷን ደረት ገልጣ አየች። «እስካሁን የት ነበራችሁ?»

«መንገድ ላይ» አለ ፍሬቻ።

የሳንባ ምች ነው ተባለ። ኦክስጅን ተደረገላት፤ መርፌ ተወጋች። እሱ ግድግዳውን ተደግፎ፣ የእሷን ትንፋሽ ሲጠብቅ የራሱን እየረሳ ቆመ። ልጅቷ እንደገና ስታለቅስ ነው አብሯት ያለቀሰው።

«ሆስፒታልማ ትሄዳለች፤ አምቡላንስ ጠርተናል» አለች ነርሷ። «ግን አባት፣ እስትንፋሷን ይዛ ትሂድ። ሕክምናው እዚህ የሚጀመረው ለዚህ ነው።»

ልጅቷ ዳነች። ፍሬቻ ግን ሞተር ባጠፋ ቁጥር ያቺን ድምፅ ዛሬም ይሰማታል። ለዚህም ይሆናል ፌርማታው ጋ ሲደርስ ሳይጠየቅ የሚለፈልፈው፦ «ጤና ጣቢያ! መግቢያው በጀርባ በኩል ነው። ልጅ ትንፋሽ ካጠረው ነገ አትበሉ።»

በቀደም አንዱ ተሳፋሪ ሰለቸው። «ምን ሆነሃል ሰውዬ? ማን ታመመ አለህ?»

«እስካሁን ማንም» አለ ፍሬቻ። «በሩን አሁን እዩት።»