ከካቡ ማዶ

የመሬት ባለሙያው ደመላሽ ከሮብ ገበያ በላይ ባለው ተዳፋት፣ ጭንቅላቱን ተመትቶ ሞቶ ተገኘ። አጠገቡ ደም የተቀባ ማጭድ ወድቋል። የማጭዱ ባለቤት ማንጠግቦሽ እጇን ታስራ ቆማለች፤ አንገቷን ግን አልደፋችም። ደግ አደረገች!

«ማታ ጓሮዬ ሰክቼው ነበር» አለች። «ደመላሽ የተወሰደብኝን መሬት ሊያስመልስልኝ ደፋ ቀና ሲል እኔ እገድለዋለሁ? እሰሩኝ፤ ያላደረግሁትን አደረግሁ አልልም!»

ኢንስፔክተር ወንጌላዊት ጎንበስ ብላ አየች። ሣሩ ላይ ደም የለም፤ የሟች ጫማ ተረከዙ በመጎተት ተልጧል። ሌላ ቦታ ተገድሎ ነው እዚህ የተጣለው።

«ይህ የማን መሬት ነው?» ስትል የማንጠግቦሽን ጎረቤት አንተነህን ጠየቀችው።

«የወል ግጦሽ ነዋ! የእሷ ገብስ ከካቡ ማዶ ነው። በድንበር ስንጣላ ኖረናል፤ ካቡን ግን ሕፃንም ያውቀዋል።»

የሟች ባልደረባ ዘመነ ቢሮው ተቀምጦ «በገዛ ማሳዋ ገድላው ምን ምርመራ ያሻል?» አለ። ቦታውን ረግጦ እንደማያውቅም ማለ።

«ደመላሽ በምን ነበር የሚሠራው?»

«ከኢንተርኔት በነፃ ባወረደው ፕሮግራም! ማንም የሚነካካው ነገር። ካርታህ ተሳስቷል ይለኝ ነበር፤ በነፃ የመጣ ምን ያውቃል?»

ወንጌላዊት ሦስቱን ካቡ ዳር ሰብስባ የሟችን ላፕቶፕ ከፈተች።

«ይህ የአቶ ዘመነ ካርታ ነው፤ መስመር ብቻ። ደመላሽ ደግሞ በዚያ በነፃ ፕሮግራም ከሥሩ የሳተላይት ፎቶ አነጠፈበት። ተመልከቱ፤ ካቡ እዚህ፣ መስመሩ እዚያ! ወሰኑ በሙሉ ወደ ቁልቁለቱ ተንሸራቷል። ከላይ የቀረው የማንጠግቦሽ ገብስ ባለቤት እንደሌለው ተቆጥሮ ለአቶ ዘመነ ወንድም ተሰጥቷል። ደመላሽ ሊያሰርዘው ነበር።»

«ይኼ ገዳይ ያደርገኛል?» ሲል ዘመነ ጮኸ።

«ማጭዱ የተጣለው እሷን ለመወንጀል ነው። ስለዚህ ገዳዩ ሬሳውን ማሳዋ ላይ ያኖረ መስሎታል። አንተነህ ቢሆን ካቡን ያሻግረው ነበር። ይህን ግጦሽ የእሷ ማሳ የሚለው በእርስዎ ስልክ ውስጥ ያለው ካርታ ብቻ ነው፤ በጨለማ እሱን ተከትለው መጡ። ደመላሽ ካርታዎ ተሳስቷል ብሎ ነግሮዎት ነበር፤ አላመኑትም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።»

ዘመነ ካቡን በብርሃን አየው። ፖሊሶቹ ይዘውት ወረዱ።

የማንጠግቦሽ እጅ ተፈታ።

«ማጭዴን መልሽልኝ፤ ገብሴ ደርሷል።»

«ማስረጃ ነው እማማ፤ ፍርድ ቤት ይፈልገዋል።»

«እንግዲያው በእጄ እነጨዋለሁ» አለችና ካቡን ተሻገረች።