ሁለቱ የተነቀሉ ዲስኮች

ሟቹ በሰርቨር ክፍሉ ውስጥ፣ ከበሩ አንድ እርምጃ ብቻ ርቆ፣ በግንባሩ እንደተደፋ ነበር የተገኘው። በጥፍሮቹ ሥር የበሩ ግራጫ ቀለም ገብቷል። ሲገፋ፣ ሲደበድብ፣ ሲቧጥጥ ቆይቶ ትንፋሹ እንዳለቀ ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም። የለበሰው ስስ ሸሚዝ ብቻ ነው። ማሽኖቹ እንዳይግሉ ሲባል ክፍሉ ቀንም ሌትም ስለሚቀዘቅዝ ብርዱ አጥንት ይሰብራል።

«ምናለ ሹራብ እንኳ ደርቦ ቢገባ ኖሮ» አለች መርማሪዋ በሆዷ። ለሞተ ሰው ብርድ መጨነቅ የትም እንደማያደርስ ታውቃለች፤ ግን አመሏ ነው። ሠላሳ ዓመት ሬሳ ስታይ ኖራ አንድም ቀን ሳትሰቀቅ አላለፈችም። ጥያቄዋ ስለማያልቅ ባልደረቦቿ «እትዬ ለምን» ይሏታል። ስሙን አትወደውም፤ መጠየቅ ግን አታቆምም።

«እማማ፣ እዚህ ቆመው የሚያዩት ምንድን ነው?» አላት ዋና ሥራ አስኪያጁ ከኋላዋ። «ገዳይዋ ማን እንደሆነች ታውቋል እኮ! በሩን የከፈተው የመሐንዲሳችን ካርድ ነው። እስከ ስድስት ሰዓት ይዘዋት ካልሄዱ አለቃዎ ጋ እደውላለሁ።»

«ይደውሉ» አለችው ዞር ሳትል። «ቁጥሩ ከሌለዎት እሰጥዎታለሁ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ድርጅቱ መድኃኒት አከፋፋይ ነው። የትኛው መድኃኒት ለየትኛው ሆስፒታል እንደሄደ፣ የአገልግሎት ጊዜው መቼ እንደሚያልፍ፣ የቱ ተበላሽቶ መሰብሰብ እንዳለበት የሚናገረው መረጃ ሁሉ ያለው ሞልቶ ሊፈነዳ በደረሰ አሮጌ የመረጃ ማከማቻ ማሽን ላይ ነው። አዲስ ለመግዛት ሦስት ሰዎች ያሉበት የግምገማ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ከውጭ የተቀጠረ ገምጋሚ፣ የኮምፒውተር ክፍሉ ኃላፊና በእሱ ሥር የምትሠራ ወጣት መሐንዲስ። አሁን ወለሉ ላይ የተደፋው ገምጋሚው ነው። በዚያ ጠዋት የመጣውም ለሙከራ የገባውን አዲስ ማከማቻ በገዛ እጁ ሊፈትነው ነበር።

የሞተው በእሳት ማጥፊያ ጋዝ ነው። ጋዙ እሳትንም ሰውንም አየር ነስቶ ያፍናል፤ መልቀቂያው ከበሩ ውጭ ግድግዳው ላይ አለ። አስቀድሞ መጮህ የነበረበት ደወል ሽቦው ተነቅሏል። በሩ የሚከፈተው ወደ ውጭ ነው። በውጭ በኩል አዲስ ጭረት አለበት፤ ኮሪደሩ ጥግ ላይ ደግሞ ከባድ ማሽን የተጫነበት ጋሪ ቆሟል፤ ብረቱም ከጭረቱ ጋር ልክክ ይላል። አንድ ሰው ጋሪውን በሩ ላይ አስደግፎ ጋዙን ለቅቋል።

በበሩ መዝገብ መሠረት ገምጋሚው የገባው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ነው። አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ማራገቢያው ጋዙን ጠርጎ ካስወጣ በኋላ፣ በሩ በመሐንዲሷ ካርድ ተከፈተ። የገባው ሰው ሬሳውን ተራምዶ ከአዲሱ ማከማቻ ሁለት ዲስኮች ነቀለና ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጣቸው። የነቀላቸው ሟቹ እንዳይባል፣ በባዶ እጁ ሲሠራ የነበረ ሰው ነው፤ ዲስኮቹ ላይ ግን አንድም አሻራ የለም። ተወልውለዋል።

«የኮሪደሩ ካሜራስ?» ብላ ጠየቀች።

«የዚህ ወር ምስል ለሙከራ ተብሎ አዲሱ ማሽን ላይ ነው የሚቀመጠው» አላት ጥበቃው።

መርማሪዋ የፖሊስ ቴክኒሺያኑን ክፍሉ ውስጥ አስገብታ፣ በሩ ላይ ፖሊስ አቆመች። «እኔ ሳልጠይቅህ ለማንም ትንፍሽ እንዳትል» አለችው ቴክኒሺያኑን። «ደግሞ ኮትህን ቆልፍ።»

*

መሐንዲሷን ያገኘቻት የስብሰባ ክፍሉ ውስጥ ብቻዋን ነው። ማንም ውኃ እንኳ አላቀረበላትም። ዓይኗ አብጧል፤ የጡቷ ወተት ሸሚዟን አርሶታል። የአምስት ወር ልጇ ከዚያ አንድ መንገድ አልፎ ባለው የሕፃናት ማቆያ ነው። ስድስት ሰዓት ላይ እጇ ከታሰረ ማን ያጠባዋል? መርማሪዋን ከሬሳው ይልቅ ይህ አንገበገባት። ሻርፗን አውልቃ ሰጠቻት፤ ድምፅዋን ግን አላለሰለሰችም።

«ከሟቹ ጋር ትናንት ተጣልተሻል።»

«አዎ። ሪፖርትሽን አላምነውም አለኝ። ሰው ሁሉ እየሰማ!»

«የአዲሱን ማከማቻ ፈተና የሠራሽው አንቺ ነሽ?»

«ኃላፊዬ ነው። የዚያን ቀን ልጄን ላስከትብ ሄጄ ነበር። ስመለስ ውጤቱን ነገረኝ፤ ጻፍኩት፤ አብረን ፈረምን።»

«ምን ብሎ ነገረሽ?»

«ሁለት ዲስክ ነቅዬ ምንም አልጠፋም አለኝ። የሻጩም ወረቀት ይህንኑ ነው የሚለው። ከአሥራ ሁለቱ ሁለት ቢነቀሉ መረጃው አይነካም፤ የሚጠፋው ሦስት ሲነቀሉ ነው።»

«እንግዲያው ዛሬ የተነቀለውም ሁለት ነው። ምስሉ አለ ማለት ነው።»

«አለ እንጂ! ለምን አታዩትም? ሁላችሁም ካርድ ካርድ ትላላችሁ! ካርዴን ትናንት መሳቢያዬ ውስጥ ትቼው ነው የሄድኩት። አንድ ሰዓት ተኩል ላይ የማቆያው ደረጃ ላይ ተቀምጬ ነበር። ልጁ እያለቀሰ ትቼው መሄድ አቃተኝ።»

«ማን አየሽ?»

«ማን ያየኛል?» ፊቷን በእጇ ሸፈነች። «የመመረቂያ ጽሑፌም እዚያው ማሽን ላይ ነው። የሦስት ዓመት ልፋቴ። አሮጌው ሲሞላ ትናንት ማታ አዛወርኩት።»

«ሌላ ቅጂስ?»

«የለኝም።»

«የሙከራ ማሽን ላይ? ልጄ፣ ምን ነካሽ?»

«ሪፖርቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። እኔ ካላመንኩት ማን ያምነዋል?»

*

ኃላፊው ተቀመጥ ሳይባል ተቀመጠና ሰዓቱን አየ።

«ቶሎ ይበሉ። ሥራ አለብኝ።»

«ሰው ሞቶብዎት?»

«ሰው ስለሞተ ሥራ ይቆማል? ልጅቷ ከወለደች ወዲህ ጭንቅላቷ አብሯት የለም። ሪፖርቷን ሲያጣጥልባት አበደች። ፎቁ በሙሉ ሰምቷታል።»

«ሪፖርቱ የሁለታችሁ መስሎኝ።»

«ፈተናውን ሠራሁ፤ ሁለት ዲስክ ነቀልኩ፤ ምንም አልጠፋም። ፈርሜበታለሁ። ሌላ?»

«ካርዴን ከመሳቢያዬ ሰው ወስዶታል ትላለች።»

«ምን ትበል ታዲያ? ገደልኩት ትበል? ምስሉ ስለጠፋ የቀረን ማስረጃ ካርዱ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ የሷ ነው። ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋሉ?»

መርማሪዋ ቃሉን እንዳለ ማስታወሻዋ ላይ አሰፈረችው።

«የመሳቢያዎቹ ትርፍ ቁልፍ ማን ጋ ነው?»

«እኔ ጋ። ይህም ወንጀል ሆነ?»

«ገና አላወቅሁም» አለችው።

ኮሪደሩ ላይ ቴክኒሺያኑ እጁን እያሻሸ ጠበቃት። «እትዬ፣ ማሽኑ ባዶ ነው።»

«እንዴት ባዶ?»

«አሁን ገና ነው ማሽኑን ከፍቼ ያየሁት። ላዩ ሲታይ መብራቱ አረንጓዴ ነው፤ ደህና ይመስላል። ግን ሁለተኛው ዲስክ ሲነቀል ራሱን እንደ አዲስ አስነሥቶ ያለውን ሁሉ ጠርጎታል። አይመለስም።»

«ለማን ነገርክ?»

«ለእርስዎ ብቻ።»

መጀመሪያ ትዝ ያላት ምስሉ አልነበረም፤ የዚያች ልጅ የሦስት ዓመት ልፋት ነው። ቀጥሎ ማስታወሻዋን ገልጣ የኃላፊውን ቃል ደግማ አነበበችው። ሰዓቱ አምስት ሊሆን ምንም አልቀረውም።

*

የአዲሱ ማከማቻ ሻጭ ጫማው እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ፣ አፉ እንደ ሬዲዮ የማይዘጋ ሰው ነው። መርማሪዋ ከመተዋወቃቸው ከሁለቱ ዲስኮች አንዱን አቀበለችውና ወደ ቦታው እንዲመልሰው ጠየቀችው።

«ይኼማ ቀላል ነው!» አለና ገፋው። አልገባም። አዙሮ ገፋው። አልገባም። ላብ ግንባሩ ላይ ችፍ አለ።

«ገልብጠው ይዘውታል» አለው ቴክኒሺያኑ እየሳቀ።

«እኔ ሻጭ ነኝ እንጂ ጥገና ሠራተኛ አይደለሁም!» ብሎ ጮኸባት፤ የሳቀው ቴክኒሺያኑ ሆኖ ሳለ። «እርስዎ ሊያዋርዱኝ ነው የጠሩኝ?»

«አንድ ነገር ይንገሩኝና ይሂዱ። ይህ ማሽን ችግር ሲያጋጥመው ደንበኛው የሚደውለው ለማን ነው?»

«በቀጥታ ለፋብሪካው የጥገና ዴስክ ነው። አቤቱታ በእኔ በኩል አያልፍም። ደግሞ ችግር የለበትም!»

መርማሪዋ የጥገና ዴስኩን ስልክ ተቀብላ ደወለች። የጠየቀችው ወረቀት በግማሽ ሰዓት ውስጥ ደረሳት።

*

ስድስት ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ሲቀረው አራቱም ስብሰባ ክፍሉ ውስጥ ተሰበሰቡ። ሥራ አስኪያጁ ቆሞ፣ ኃላፊው እግሩን አነባብሮ፣ ሻጩ አኩርፎ፣ መሐንዲሷ ሻርፑን ደረቷ ላይ ጠቅልላ። ከጎኗ ያለው ወንበር ላይ የተቀመጠ የለም።

«ይዘዋት ይሂዱ እንጂ ምን ስብሰባ ያስፈልጋል?» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«አሥር ደቂቃ አለኝ» አለች መርማሪዋ። «ለምን ሁለት?»

«ምኑ ሁለት?»

«ዲስኩ። ገዳዩ ጋሪ ሲገፋ የኮሪደሩ ካሜራ ቀርጾታል። ስለዚህ ምስሉን ማጥፋት ነበረበት። ስለ ማሽኑ ምንም የማያውቅ ሰው ቢሆን አሥራ ሁለቱንም ይነቅል ነበር። የሻጩን ወረቀት ያመነ ደግሞ ቢያንስ ሦስት ይነቅላል፤ ወረቀቱ ሁለት አይጎዳም ይላላ። ይኼኛው ግን ሁለት ነቅሎ፣ ወልውሎ፣ ደርድሮ ወጣ። ለዛሬ የተያዘውም ፈተና ሁለት መንቀል ነው። ያየ ሁሉ ሟቹ ሲፈትን አደጋ ደረሰበት እንዲል። አደጋ አይደለም ከተባለም ካርዱ የሷ ነው። ግን በሁለት ብቻ ምስሉ እንደሚጠፋ እንዴት አወቀ?»

«አልጠፋማ!» አለች መሐንዲሷ። «በሁለት አይጠፋም!»

«ጠፍቷል ልጄ» አለቻት መርማሪዋ። «ያንቺም ሥራ ጠፍቷል። ሁለተኛው ሲነቀል ማሽኑ ሁሉን ጠርጎታል።»

መሐንዲሷ ሻርፑን አፏ ላይ ጫነች። እንባ እንኳ አልመጣላትም።

«ውሸት ነው!» ሻጩ ከወንበሩ ተነሣ። «የእኛ ማሽን...»

«እርስዎ ዲስክ ከየት እንደሚገባ አያውቁም፤ ይቀመጡ። ሳይጎዳ ነቅሎ ያወጣው የለመደ እጅ ነው። ማሽኑን የለመዱት ደግሞ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ኃላፊውና መሐንዲሷ። እሷ በሁለት እንደሚጠፋ ብታውቅ ኖሮ ትናንት ማታ የሦስት ዓመት ሥራዋን ያለ ቅጂ እዚያ ላይ ባልጫነች። በዚህ ዓለም ላይ ያንን ሪፖርት ከልቧ ያመነች እሷ ብቻ ናት።»

ኃላፊው ሳቀ። «ዲስክና ድስት የማይለዩ ሴትዮ ስለ ማከማቻ ያስተምሩናል እንዴ?»

«ስለ ድስቱ ልክ ነዎት፤ ማሳረር አይቀረኝም። እርስዎ ግን ቅድም፣ አምስት ሰዓት ሳይሞላ፣ ምን አሉኝ? ‹ምስሉ ስለጠፋ የቀረን ማስረጃ ካርዱ ብቻ ነው›። ያኔ መጥፋቱን እኔ አላውቅም፤ ቴክኒሺያኔ ገና አልከፈተውም፤ መብራቱ አረንጓዴ ነው። በሁለት አይጠፋም ብሎ የፈረመ ሰው ጠፍቷል ብሎ የሚደመድመው ከምን ተነሥቶ ነው?»

«ገመትኩ! መገመት አይቻልም?»

«ይቻላል። ይኼስ?» ከፋብሪካው የመጣውን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። «የዛሬ ሦስት ሳምንት፣ በፈተናው ቀን፣ በእርስዎ ስም የተመዘገበ አቤቱታ። ‹ሁለተኛውን ዲስክ ስነቅል መረጃው በሙሉ ተጠረገ›። ይህንን ደውለው ተናገሩ፤ ዞር ብለው ደግሞ ለዚህች ልጅ ምንም አልጠፋም ብለው አስጻፉ። ሟቹ ዛሬ ሁለት ዲስክ ነቅሎ ውሸቱን ሊያወጣ ነበር። ካርዷን ያወጡት በትርፉ ቁልፍዎ ነው።»

«ለምን?» አለ ሥራ አስኪያጁ። ድምፁ ሳስቷል። «ማሽኑ ባይገዛ አንተን ምን ይነካሃል?»

ሁሉም ወደ ሻጩ ዞረ፤ የእሱ ዓይን ከኃላፊው ላይ መነሣት አቅቶታል። «ሽያጩ ካለቀ የቅርንጫፋችን ሥራ አስኪያጅ ትሆናለህ ብዬው ነበር» አለ በመጨረሻ። «ሰው ግደል አላልኩትም! ማሽኑ እንደዚህ መሆኑን እንኳ አልነገረኝም፣ ይኼ ከይሲ!»

«ዝም በል!» ኃላፊው ጠረጴዛውን መታው። «ገምጋሚውን ተለማመጥኩት እኮ! ማሽኑ በኋላ ይስተካከላል፣ ፋብሪካው ያስተካክለዋል አልኩት። ‹እስኪስተካከል የተበላሸ መድኃኒት ለሰው ልጅ ቢሰጥስ?› ብሎ ይሰብከኛል። የማይረባ ሰባኪ!»

ከበሩ ውጭ ቆመው የነበሩት ፖሊሶች ገብተው አስነሡት። ሲያልፍ መሐንዲሷን በትከሻው ገፋት። መርማሪዋ መሀል ገብታ በክንዷ መለሰችው።

ይቅርታ የጠየቀ ሰው የለም። ሥራ አስኪያጁ ክራባቱን አስተካከለና «እንግዲህ ነገ ሥራሽ ላይ ትገኛለሽ» አላት። «ግዢው ግን መቆም የለበትም። የገንዘብ ክፍሉ እየጠበቀ ነው። ፋብሪካው ያስተካክለዋል ከተባለ...»

መሐንዲሷ አላስጨረሰችውም። ከሟቹ ቦርሳ የተገኘውን የግምገማ ቅጽ ከማስረጃዎቹ መሀል አየችው፤ በዓይኗ መርማሪዋን ፈቃድ ጠየቀች። መርማሪዋ ዋናውን ይዛ ቅጂውን ገፋችላት። ልጅቷ ውሳኔ በሚለው ባዶ መስመር ላይ «የሰው ሕይወት የተንጠለጠለበት መረጃ አይቀመጥበትም። አይገዛ» ብላ ጻፈችና ፈረመች።

«ይህማ የኮሚቴው ሥልጣን ነው!» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«ኮሚቴው ሦስት ሰው ነበር» አለችው። «አንዱን ገደላችሁት፤ አንዱ ታሰረ። የቀረሁት እኔ ነኝ።»

ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ ጣለችና ልጇን ልታጠባ ወጣች።